የሙሽራዋ እንባ

ልቦለዴ ውስጥ ሙሽራዋ የምትጨፍርበትን ምዕራፍ ያለ ሙዚቃ መጻፍ አቃተኝ። ጎረቤቴ ደግሞ እናቷ ሞተውባት፣ ካዛንቺስ ያለው ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ማን ደፍሮ ዘፈን ይከፍታል? እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ አንድ መስመር ጽፌ እሰርዛለሁ። ሲብስብኝ፣ በቃ፣ ኢርፎን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ጀመርኩ። ሙሽራዋ እስክስታ ስትወርድ የእኔም ትከሻ አብሯት ወረደ።

ለካ በሩን አልዘጋሁትም። ጎረቤቴ ከኋላ ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አይታ፣ የማለቅስ መስሏት ሮጣ ገባችና አቀፈችኝ።

«አይዞሽ፣ እማዬ እኮ አንቺንም እንደ ልጇ ነበር የምታይሽ» አለችኝ።

ዘፈኑ ጆሮዬ ውስጥ አላቆመም። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው።

የልቦለዴ ሙሽራ እየጨፈረች የምታለቅሰው ለዚህ ነው። ምዕራፉን ያነበበ ሁሉ ግን እናቷን ትታ ስለምትሄድ ይመስለዋል።