ዝናቡ እስከ ሐሙስ ይቆይልኝ

የቆቦ ዋልካ አፈር ሲደርቅ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ሲርስ ደግሞ ጫማ አስወልቆ ያስቀራል። የእኛ ግቢ ሁለቱንም ጸባይ አሟልቶ ይዟል። ባለፈው ክረምት እናቴ ከቤት ወደ ግቢው በር ስትሄድ አዳልጧት ወደቀች፤ የዳሌ አጥንቷ ተሰነጠቀ። በወጌሻና በሐኪም ቤት ተመላልሳ በምርኩዝ መቆም ብትችልም፣ ጭቃ ባየች ቁጥር ጉልበቷ ይከዳታል። የዚያን ክረምት ቀሪ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አጥሩን ስታይ ከረመች። ለቅሶ አልደረሰች፣ አራስ አልጠየቀች። ለወሎ ሴት ይህ ከስብራቱ ይብሳል።

«የሚመጣው ክረምት ሳይገባ ግቢውን ድንጋይ አነጥፈዋለሁ። በራስሽ እግር በሩ ድረስ ትሄጃለሽ» አልኳት። ቃል መግባት ደስ ይለኛል። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ደመና ሳስተምር ኖሬያለሁ። ደመናው ግን አንድም ቀን እኔ ክፍል ገብቶ አያውቅም።

ግንበኛው የመጣው ከጎብዬ ነው። ሙያውን የሚያውቅ፣ ማወቁንም የሚያውቅ ሰው ነበር። አንዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ አንስቶ ያገላብጠዋል፣ በመዶሻ ኳ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፤ ካልጣመው «ይህ ለአጥር ነው» ብሎ ይወረውረዋል። የቀን ሠራተኛው እኔ ነበርኩ። ዋልካውን እስከ ጉልበት ቆፍረን አወጣን፤ ጠጠርና የወንዝ አሸዋ ሞላንበት፤ በላዩ ድንጋዩን ደረደርን። ንጣፉ ወደ አጥሩ ትንሽ ዘንበል ይበል አለኝ። እኔ እንደ ጠረጴዛ ልክ ይሁን አልኩ።

«መምህር፣ ጠረጴዛ ላይ ውሃ ሲደፋ አይተህ አታውቅም?»

ዘንበል አደረግነው።

የቀረው በድንጋዮቹ መሃል ያለውን ክፍተት በሲሚንቶና በአሸዋ ልውስ መሙላት ነበር። ካዞላ በሚሉት የግንበኛ ማንኪያ ጫፍ ጠቅጥቆ መሙላትና በቀጭን ብረት ማለስለስ ነው፤ ቆሞ ለሚያይ ሰው ሥራ አይመስልም። ጣጣው ልውሱ እስኪጠና ድረስ ዝናብ እንዳይነካው ነው። ጊዜው የሰኔ መጨረሻ ነበር። ገበሬው በአንድ ጥሩ ዝናብ ማሽላውን ዘርቶ፣ ማሽላው ከበቀለ በኋላ ሰማዩ ዝም ስላለ፣ አገሩ ሁሉ አንጋጦ ይጠብቃል። በዚያ ሰሞን ቆቦ ውስጥ ዝናብ እንዳይመጣ የሚፈልግ ሰው ቢቆጠር አንድ እኔ ብቻ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት ስልኬን አየሁ፤ ደማቅ ፀሐይ ሥሏል። ግንበኛው ወደ ዞብል ተራራ አየና «እኔስ አልወደድኩትም» አለ።

«ሳይንስ ነው» አልኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሳይንሱ ላያችን ላይ ወረደ። የዘነበው ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ የሩብ ሰዓቱን ጉዳት ግን አሟልቶ ሄደ። ሲሚንቶው ከየክፍተቱ ግራጫ ሆኖ እየወጣ ወደ አጥሩ ፈሰሰ። ያ ዘንበል ያለው ነገር ያን ዕለት በሚገባ ሠራ። እኔ ሸራ ይዤ እሮጣለሁ፤ አንዱን ጫፍ ስረግጠው ሌላው ይነሣል። አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ወደ ላይ ተናገርኩ፤ እዚህ መድገም አያስፈልግም።

ቀና ስል ጎረቤታችን አጥሩን ተደግፎ ያየኛል። ገበሬ ነው፤ ማሳው ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ዝናቡ እኛን አጥቦ፣ አስፋልቱን ሳይሻገር ቆሞ ነበር።

«እኔ እዚያ ማዶ አንዲት ጠብታ አጥቼ፣ አንተ ተሰጥቶህ ትሳደባለህ?» አለኝ።

ግንበኛው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለ ካዞላውን አጠበ። የተበላሸውን ፍቆ እንደገና ለመሙላት እስከ ሐሙስ ደረቅ ቀን እንደሚያስፈልገው ነገረኝ።

በማግስቱ የሰፈሩ ሰው ለዝናብ ዱአ ተሰበሰበ። እኛ ዘንድ ዝናብ ሲለመን እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ ያኛው አሚን ይላል፣ ይኼኛው አሜን ይላል፣ ማንም ማንንም አያርምም። እናቴ የድንጋዩ ክፍተት ገና ስላልተሞላ ምርኩዟን ማሳረፊያ አጥታ መምጣት አልቻለችም። «በኔም ፈንታ አሚን በል፤ አደራ» ብላ ላከችኝ።

በዱአው ላይ ሰው ተራ በተራ ሀጃውን፣ የልቡን ጉዳይ፣ ይናገራል፤ ሸሁ ይለምኑለታል፤ ጉባኤው አሚን ይላል። ያን ቀን የሁሉም ሀጃ አንድ ነበር፤ ዝናብ። ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ። ብልህ ሰው «እንደ ወንድሞቼ» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን መምህር ነኝ፤ ነገር በዝርዝር ካልሆነ አይሆንልኝም።

«ዝናቡ ይምጣልን፤ ግን እስከ ሐሙስ ይቆይልኝ» አልኩ።

ጫት የሚቀነጥሱት ጣቶች ሁሉ ቆሙ።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ ሸሁ።

«ሲሚንቶ ይዞት ነው» አለ ጎረቤታችን፣ ስለ በሽተኛ እንደሚናገር ሰው።

ስለ እናቴ እግር፣ ስለ ግቢው፣ ስለ ሰኞው ጥፋት እየተንተባተብኩ አስረዳሁ። ሸሁ ጢማቸውን ዳበሱ። በሰው ፊት የወጣ ሀጃ ደግሞ አይመለስም። እጃቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ የእናቱን ነገር አይተህ እስከ ሐሙስ ያዝለት። ከሐሙስ ወዲያ ግን ልቀቀው።» አሚኑ ቀዝቃዛ ነበር፤ ቢሆንም ተባለ። እናቴ በአደራ የሰጠችኝን አሚንም እዚያው ላይ ጨመርኩት።

ረቡዕ ፀሐይ፣ ሐሙስ ፀሐይ። ክፍተቱን ሞልተን ጨረስን፤ ግንበኛው ታጥቦ ልብሱን ቀይሮ ወደ ጎብዬ ተመለሰ። ዓርብም ፀሐይ ሆነ። ከዚያ ሳምንት ሄደ፤ ሌላ ሳምንት ተከተለው። ሰማዩ የያዘውን የሚለቅ አልመሰለም። ቀበሌ ስሄድ፣ ገበያ ስወርድ ወሬው ቀድሞኝ ይደርሳል። አንድ ባለ ባጃጅ አጠገቤ ቀዝቀዝ አድርጎ፣ «መምህር፣ የትኛውን ሐሙስ ነበር ያልከው?» ብሎኝ ሄደ።

የነፋስን አመጣጥ አስተምራለሁ፤ የአንድ ሰው ሲሚንቶ ዝናብ እንደማይመልስ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን ጠዋት ጠዋት ስልኬን ትቼ ወደ ዞብል ተራራ አያለሁ።

ይባስ ብሎ፣ ሲሚንቶ እንዳይሰነጠቅ ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣል ብሎ ግንበኛው አዝዞኝ ሄዷል። ስለዚህ አገሩ ሁሉ ጠብታ ሲለምን እኔ በጄሪካን ድንጋይ አጠጣለሁ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ከማሳው የነቀለውን ቢጫ የማሽላ ቡቃያ በእጁ እንደያዘ አጥሩ ላይ ቆመ። ድንጋዩን አየ፣ ጄሪካኑን አየ።

«በቀለልህ?» አለኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ በኋላ የማጠጣው እሱ ማሳው መሄዱን አይቼ ነበር። አፈርኩ እንጂ ማጠጣቱን አልተውኩም።

ነገሩ እናቴም ጆሮ ደረሰ። «የኔን አሚን ምን ላይ አዋልከው?» አለችኝ።

«ግቢው ላይ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ምግቤን እንጂ ወሬዬን አልተቀበለችኝም።

ዝናቡ የመጣው ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ሲመጣም ሦስት ቀን ሳያባራ ወረደ። ማሽላው ግን አልጠበቀውም። ጎረቤታችን የደረቀውን ገልብጦ አርሶ፣ በቦታው ጤፍ ሊዘራ ተሰናድቶ ነበር። ጤፉ ምን ያህል እንደሚሰጠው እሱም አያውቅም፤ የማሽላውን ያህል እንደማይሆን ግን ያውቃል።

ድንጋዬ ግን! አንድ ክፍተት እንኳ አልተላጠም፤ ውሃው ኩልል እያለ ወደ አጥሩ ይወርዳል፣ ላዩ ጥርት ብሎ ይቀራል። በአራተኛው ቀን ካፊያ ሲሆን እናቴን ጠራኋት። ምርኩዟን እያንኳኳች ወጣች። መጀመሪያ አንዱን ድንጋይ በእግሯ ጫን ጫን አድርጋ ሞከረችው፤ ከዚያ ሌላውን። ጉልበቷ አልከዳትም። ሳልይዛት፣ ማንም ሳይይዛት፣ በሩ ደረሰች። ዐይኔ እንባ አቀረረ፤ አልዋሽም። የምናገረውን ነገር ሁሉ አሰናድቼ ነበር።

እሷ ግን በሩን ከፈተችው። ከበሩ ወዲያ ዋልካው እንደ ገንፎ ተዘርግቷል።

«ከዚህ ወዲያስ?» አለችኝ።

«ወዴት ልትሄጂ?»

«ወደሱ ቤት ነዋ! አዝመራው የጠፋበትን ሰው አይዞህ አይባልም?»

«እኔ እኮ በሩ ድረስ ነው ያልኩት» አልኳት። ይህን የመሰለ አሳፋሪ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

ጎረቤታችን ከቤቱ ብቅ ብሎ ኖሮ አያት። ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጭቃው እስከ ባቱ እየዋጠው መጣ። እኔን ዘወር ብሎም አላየኝ።

«እማማ፣ ይቁሙ። ምርኩዙን ይተዉት፣ እኔን ይያዙ። ይኼን ጭቃ አውቀዋለሁ።»

እናቴ ጫማዋን አውልቃ ምርኩዟን ጨምራ አስታቀፈችኝ፤ ክንዱን ያዘች። ድንጋዬ ላይ ቆሜ፣ ዋልካውን አቋርጠው ቤቱ እስኪገቡ ድረስ አየኋቸው። አንድ ጊዜም አላዳለጣትም።