ያልበቀለው ደም

በቤታችን ሐኪሟ እኔ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ አነባለሁ። ሌላ ምን ያስፈልጋል? በሽግግሩ ዘመን አባቴን ትኩሳት ሲያንዘፈዝፈው፣ ጥርሴን አሞኝ ከገዛሁት የተረፈውን ቀይና ጥቁር እንክብል አስዋጥኩት። በማግስቱም ደገምኩለት። ትኩሳቱ በረድ ብሎ እንደገና ሲነሳበት ከላፍቶ በውይይት ታክሲ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለን ወጣት ሐኪም የአባቴን ልብ አዳመጠና ፊቱ ተለወጠ። ከሁለቱም ክንዶቹ ደም ቀድቶ ፈሳሽ ባለባቸው ጠርሙሶች ውስጥ ጨመረ።

«ይሄን እንዘራዋለን፣ አባባ። ጀርሙ ከበቀለ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው እናውቃለን።»

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ላፍቶ ላይ ጤፍ የዘራ ሰው ነው። እንደዚያ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። «ደም ሲዘራ ገና ዛሬ ሰማሁ! በሉ ወፍ እንዳይለቅመው ጠብቁት።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «ከዚህ በፊት የወሰዱት መድኃኒት አለ?»

«ምንም» አልኩ።

ቁጣውን ፈርቼ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሐኪሟ የሚለኝ ሴት፣ በሰው ፊት እንደ ሕፃን መገሠጽ አልፈለግሁም። አባቴ ደግሞ እኔ ከተናገርኩ ቃል አይጨምርም።

ከቀናት በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ምንም አልበቀለም። ሐኪሙ ግራ ተጋባ። «ቀድሞ የተወሰደ መድኃኒት ጀርሙን እንዳይበቅል አድርጎት ካልሆነ በቀር እንዲህ ባዶ አይሆንም ነበር» አለ። ዘሩን የለቀመችው ወፍ አጠገቡ ቆማ ዝም አለች። አፌን የዘጋብኝን ኩራት እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

ልቡ ላይ የሰፈረውን የማያውቁትን ጀርም በግምት ለመምታት ጠንካራ መርፌ ለሳምንታት ወጉት። መርፌው ጆሮ ሊጎዳ እንደሚችል ነግረውናል፤ ግን ሌላ ምን ያድርጉ? አባቴ ከሞት ተረፈ። ቤት ስንገባ ግን የራሱን ውሻ ጩኸት አይሰማም ነበር።

ከዚያ በኋላ ለመጣ ለሄደው ጎረቤት፣ ደንቆሮ እንደሚናገረው እየጮኸ፣ «ሐኪሞቹ ዘርተው ያጡትን በሽታ ልጄ በእንክብል ድራሹን አጥፍታዋለች!» ይል ጀመር። እኔ አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ። ሰዉ ጨዋነት ይመስለው ነበር።

አንድ ቀን ማሳው ዳር ብቻችንን ሆነን ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። እያለቀስኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል። ከንፈሬን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየ። «እንክብል» የሚለውን ብቻ የያዘ መሰለኝ፤ ፊቱ በራ፤ እጄን ይዞ ሳመው።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለ ጮክ ብሎ፤ «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ሞቼ ነበር።»