ሸራው ስር የተቀመጡት

ከአርባ ዓመት በላይ ባሕር ማዶ ኖሬ አምቦ፣ አባቴ ቤት ስመለስ፣ እንኳን ደህና መጣሽ ያለኝ ጎረቤት አልነበረም። እኔም በሬን ዘግቼ ከመጻሕፍቴ ጋር ተቀመጥኩ።

በቀደም ሠራተኞች መጥተው የኤሌክትሪክ መኪናዬን ቻርጀር ግድግዳው ላይ ገጠሙልኝ። ዝናብ እንዳያገኘው ግቢው ውስጥ ሰፊ ሸራ ወጠሩ፤ አምፖልም ሰቀሉ። መኪናዋ ሞልታ አደረች። ጠዋት ልሞክራት ብዬ፣ በሩን እንደተከፈተ ትቼ እስከ ጊንጪ ነዳሁ።

መኪናዋ ድምፅ የላትም፤ ተመልሼ ግቢ ስገባ ማንም አልዞረም። ሸራው ስር ወንዶች ጋቢ ለብሰው በዕድር አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል። ሴቶቹ ያለቅሳሉ።

«ብቸኛዋ አዴ አስካለ!»

ስሜ ነው። ለካ ሰፈሩ ሸራና አምፖል ሲያይ ለቅሶ መስሎታል።

ከመኪናዋ ወርጄ ቀረብኩና ዳር ያለችውን ሴት፣ «ማን ሞቶ ነው?» አልኳት።

«ከውጭ የመጣችው ሴትዮ። ማንም ሳያያት፣ ብቻዋን!»

«አስካለ እኮ እኔ ነኝ። አለሁ።»

ለቅሶው ቆመ። ሁሉም ፊቴን አዩ፤ አንድም የሚያውቀኝ የለም። ሴትዮዋ እጄን ይዛ ቀስ ብላ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«አይዞሽ፣ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል። እህቷ ነሽ?»