ጉማሬ ያላየች አስጎብኚ

«ጉማሬ! ጉማሬ የሚያይ!» የሚለው የጀልባ ነጂዎች ጥሪ ዛሬም ከሐይቁ በኩል በነፋስ ሲመጣ፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ እቀመጥባት ወደነበረችው የለስላሳ ሳጥን ይመልሰኛል። ሱቃችን ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ተቀምጬ፣ በብረቱ መሃል እጄን አውጥቼ ውሃና ማስቲካ እየሸጥኩ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሐይቅ ሲወርድ አይ ነበር። ሐይቁ ራሱ ግን ከእኔ በኩል አይታይም፤ የሚታየኝ የሚወርዱት ሰዎች ጀርባ ብቻ ነበር።

በበጋ ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች ውሃ ሲገዙ «እዚህ ምን ይታያል፣ ቆንጆ?» ይሉኝ ነበር። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም! ጠዋት አሞራ ገደል ወርዳችሁ አሳ ከጀልባ ሲራገፍ እዩ፣ ትኩሱን ጥብስ ብሉ፣ ጦጣ እንዳይቀማችሁ ሙዛችሁን ደብቁ፣ ከዚያ በጀልባ ጉማሬ እዩ፣ ወደ ማታ ታቦር ተራራ ውጡ እላቸው ነበር። ይህን ሁሉ የማውቀው ሲመለሱ ከሚያወሩት ነው እንጂ፣ አንዱንም አላየሁም።

ክረምት ሲገባ ይብስብኝ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዘመዶቻችን ከቡታጅራ ይመጣሉ፤ በእኛ ቤት እንግዳ ጀልባ ሳይሳፈር አይሸኝም፣ ሱቅም በቀን አይዘጋም። አባዬ ዕቃ ሊያመጣ ሻሸመኔ ይሄዳል፣ እማዬ እንግዶቹን ይዛ ትወርዳለች፣ እኔ እቀራለሁ። «በሚቀጥለው አንቺ» ትለኝ ነበር፤ የሚቀጥለው እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ያው ሳጥን።

በአንዱ ክረምት መጨረሻ የአባዬ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ዘይነባ፣ ከልጆቿ ጋር መጣች። ሊወርዱ ሲሉ እኔ ለአንድ ገዢ ጉማሬ ጆሮውን እንዴት እንደሚያራግፍ በእጄ እያሳየሁ ነበር። አክስቴ ቆማ ሰማችኝና፣

«አንቺ መቼ ነው ያየሽው?» አለችኝ።

«አላየሁም» አልኳት፤ እንባዬ መጣ።

ከሳጥኑ አንስታኝ ራሷ ተቀመጠችበት። «በሉ ሂዱ፣ ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ።»

እማዬ ደነገጠች። «ኧረ እትዬ ዘይነባ! እንግዳ ሱቅ ይጠብቃል እንዴ? ሰው ምን ይለናል?»

«ለስላሳውን ከሰጠሁት ምን ይላል? እንግዳ የፈለገው ይደረግለት የለም? እኔ የፈለግኩት ይሄን ነው! ደግሞ አንቺም ትሳፈሪያለሽ፤ ባለፈው እንደ ዘበኛ ጫማችንን ይዘሽ ዳር ላይ ቀረሽ።»

እማዬም ጀልባ ላይ ወጥታ እንደማታውቅ የገባኝ ያኔ ነው።

ጀልባው ሲነሳ እማዬ «ቢስሚላህ» እያለች እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። ጉማሬው ከውሃው ብቅ ብሎ እፍፍ ሲል ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ ሳቀች፤ ጀልባ ነጂው ሳይቀር ዞሮ አያት። እኔ ወደ ከተማው ዞሬ ሱቃችንን ከውሃው ላይ ብፈልገው አጣሁት፤ በማጣቴ እንዴት ደስ አለኝ!

አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ፍርግርጉ ያው ነው፣ እኔም አንዳንድ እሁድ ከጀርባው እቀመጣለሁ፤ ያኔ ግን የሚያስቀረኝ ሰው ነበር፣ አሁን እማዬ ከጎረቤት ሴቶች ጋር እንድትወርድ ብዬ ልቅር የምለው እኔ ነኝ። የቀሚሷ ጫፍ ርሶ ትመጣና፣ ጉማሬው እንዴት ብቅ እንዳለ፣ እንዴት እንዳስደነገጣቸው ከመጀመሪያው ትነግረኛለች። እኔም አይቼ እንደማላውቅ ሆኜ፣ «ከዚያስ?» እላታለሁ።