ደወሉን ደውሎ ነበር

ቁጣዬ ባፍንጫዬ ነው፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ነገረኛ ነው፣ ሰው ሲበሽቅለት ደስ የሚለው። ሁለታችንን ያስማማን ነገር ቢኖር በስልክ የምንጫወተው የተኩስ ጌም ብቻ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ቢሮ ተማሪ ሲጨቀጭቀኝ ውዬ እገባለሁ፣ እሱ ከክፍሉ ይመጣል፣ ከዚያ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመን ሰው መግደል እንጀምራለን።

ጌሙ አንድ ትልቅ ደሴት ነው። ከአውሮፕላን በጃንጥላ ትወርዳለህ፣ መሣሪያ ትለቃቅማለህ፣ ከዚያ ወይ ትገድላለህ ወይ ትሞታለህ። ካርታው ላይ የተጻፉት ስሞች ለምላሳችን አልመች ስላሉ የራሳችንን የጎንደርን ስም አወጣንላቸው። ስንዴ ያለበት ሜዳ ደምቢያ ሆነ። ጠመዝማዛው ዳገት ሊማሊሞ፣ ትልቁ ድልድይ አንገረብ። ጥላ የሌለበት ቢጫ ቆላ ደግሞ ሳንጃ ተባለ። አብረውን የሚጫወቱ የአዲስ አበባ ልጆች «ሰሜን ምሥራቅ» እያሉ ሲጮሁ እኛ ከሳንጃ በላይ፣ ከድልድዩ በታች እንባባላለን። ጎንደር ያደገ ሰው አቅጣጫው ዳገትና ቁልቁለት ነው። ወንድሜ በዚያ ደሴት ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ሲከበብ በአንገረብ ሥር ለሥር ሹልክ ይልና ከኋላዬ ይመጣብኛል።

ሊማሊሞ አናት ላይ ጣሪያው የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን አለ። ደወሉ ግን አልወደቀም፤ በጥይት ስትመታው ይጮኻል። አባታችን መሪጌታ ነው፣ ዕድሜውን በሙሉ እዚሁ ሰፈራችን ያለውን ደብር ያገለገለ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከኋላችን ቆሞ ሲያይ ያንን ደወል ሰማ። ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፣ ነገርነው። ታቦት አለው ወይ ሲል ወንድሜ ሳቀና የለውም አለው።

«ታቦት ባይኖረውም ደወል አለው» አለ አባዬ።

ከዚያ የድሮውን ነገረን። ነፍስ ያጠፋ እንኳ ቢሆን ሮጦ ደወል ከደወለ ተማጸነ ይባላል። ባለደሙ ጦሩን ይዞ ቢደርስ ከበሩ ላይ ይቆማል እንጂ አይገባም። ገብቶ የነካው ከሰው አይቆጠርም። ስለዚህ በእኔ ቤት እዚያ ውስጥ ሰው አይገደልም አለና ዳዊቱን ይዞ ወጣ።

ለቀልድ ጀመርነው፣ ሕግ ሆኖ ቀረ። በተቃራኒ ቡድን ስንሆን፣ ጥይት ሊያልቅበት ሲል ወደዚያ ይሮጣል፣ ደወሉን ይመታል፣ እኔም ጥርሴን እያፋጨሁ ከበሩ እመለሳለሁ። ስንቴ አመለጠኝ!

አንድ ቀን ግን አለቃዬ በሰው ፊት አዋርዶኝ ቤት ገባሁ። ወንድሜ ሊያናድደኝ ሲፈልግ እትዬ ይለኛል። ያን ቀን ደጋግሞ እየገደለኝ፣ ጓደኞቹ በማይክ እየሰሙ፣ እትዬ ወደ ፋይልሽ ተመለሺ ይለኛል። በመጨረሻ አቆሰልኩት። እየተሳበ ሊማሊሞን ወጣ፣ ገባ፣ ደወሉን መታ። በመስኮቱ ቦንብ ወረወርኩበት። ሁለተኛ ጨመርኩ። ከሞተም በኋላ ገብቼ ጥይቴ እስኪያልቅ ሬሳው ላይ ተኮስኩ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ?

ወንድሜ ስልኬን ነጥቆ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው። በጥፊ አጮልኩት። ፀጉሬን ጨምድዶ ይዞ ወደ መሬት ሲጎትተኝ ክንዱን ነከስኩት፣ የደሙ ጨው አፌ ውስጥ ገባ። በዚያ ዕድሜያችን! አባዬ ሮጦ ገብቶ በመቋሚያው ለያየን፣ እኔን ትከሻዬን፣ እሱን ጀርባውን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ደወሉን ደውሎ ነበር?»

አዎ አልኩት። ጌም እኮ ነው ልለው ነበር፣ ፊቱን ሳየው ተውኩት። እሱም መቋሚያውን ይዞ ወጣ።

ከወራት በኋላ ከተማው ውስጥ ተኩስ ገባ። ማን በማን ላይ እንደተኮሰ ሌላ ሰው ይጻፈው። እኔ የማውቀው በዚያ ጠዋት ወንድሜ ላፕቶፑን ሊያሠራ ወጥቶ እንደነበር ነው። ከባድ መሣሪያው ሲያጓራ የሳሎናችን መስታወት ረገፈ። ጌሙ ላይ ጥይቱ ከየት እንደመጣ ምልክት ያሳይሃል፤ እውነተኛው ከየት እንደሚመጣ ማንም አይነግርህም። እኔና አባዬ ወለሉ ላይ ተኝተን ሳለ ስልኬ ጠራ። ወንድሜ ነው፣ ያለከልካል። ከአባዬ ደብር በታች ነኝ አለ። በሩ ክፍት ነው ወይ ስለው ክፍት ነው፣ ሰው ሁሉ እየገባ ነው አለኝ። ግባ አልኩት።

«እዚያማ አልገባም» አለ። «እዚያ ነው የገደልሽኝ።»

ይቀልድ ይሁን ያልቅስ ዛሬም አላውቅም። ግባ፣ ግባ በእመቤቴ እያልኩ ጮህኩ። በአንገረብ ድልድይ ሥር ለሥር እመጣለሁ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ አለኝ። ሲሮጥ እሰማው ነበር። ከዚያ ተከታታይ ተኩስ መጣና ስልኩ መሬት ላይ ወደቀ። መስመሩ ግን አልተቋረጠም። ጥይቱ ድንጋይ ሲፈነቅል ሰማሁ፣ የሰው ኮቴ አጠገቡ አልፎ ሲሄድ ሰማሁ፣ ወንድሜ «እትዬ» ሲል ሰማሁ። ያን ጊዜ ሊያናድደኝ አልነበረም።

አባዬ መቋሚያውን ከፍ አድርጎ ይዞ በተኩሱ መሐል ወጣ። ወንድሜን አግኝቶ በአንድ የሲሚንቶ ጋሪ ላይ ጭኖ እየገፋ ሐኪም ቤት አደረሰው። ነጠላውን የወንድሜ እግር ማሰሪያ አድርጎት ነበር፤ ከነጠላው ነጭ የቀረ ቦታ አልነበረም። ጉልበቱ ተፈጭቷል። በሦስተኛው ቀን ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

ደብሩ ውስጥ የገቡት ሰዎች በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ አንድም ሳይቧጨር ወጡ። ይሄንን የነገረችኝ ጎረቤታችን መልካም ወሬ ያመጣች መስሏት ነበር። ወይ ነዶ! አባቴ ዕድሜውን ያገለገለበትን በር በወንድሜ ላይ የዘጋሁት እኔ ነኝ። በአንድ ቀን ንዴት፣ አልጋ ላይ ተጋድሜ።

ወንድሜ ሲነቃ አባዬ አልጋው ግርጌ ቆሟል። እኔ ጎንበስ ብዬ ምነው ብትገባ ኖሮ አልኩት፤ ምነው ለአንድ የማይረባ ጌም ብለህ።

ከንፈሩ ደርቆ ነበር። «ለጌሙ ብዬ አይደለም» አለ። «ቀልዴን ነው ያልኩሽ። ስልኩን ይዤ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። ያ ቦንብ ትዝ ሲለኝ እግሬ እምቢ አለኝ።»

አባዬ ሰማው። እኔን አላየኝም። ብርድ ልብሱን በባዶው በኩል እያስተካከለ ቆየ።