ባላየሁት ፊልም

የታሰርሁት ባላየሁት ፊልም ነው። ሁለት ፖሊሶች ዳንግላ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ከክፍል ሲያወጡኝ ጠመኔው ገና ከእጄ አልወረደም። አንደኛው ተቀብሎ መስኮቱ ላይ አስቀመጠልኝ። «ስትመለስ ታገኘዋለህ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የምመለስ መስሎት ነው።

በሃምሳዎቹ ዓመታት ማብቂያ ላይ ነው። ከእኔ ጋር አንድ ቤት የተከራየ የሂሳብ መምህር ነበር፤ ከህንድ፣ ከማድራስ በኩል የመጣ። አገሩ ሳለ ያየውን አንድ የችሎት ፊልም ሲተርክልኝ ከወንበሩ ተነሥቶ ዳኛም፣ ከሳሽም፣ ተከሳሽም ራሱ ይሆናል። ፊልሙ የተሠራው በእናቱ ቋንቋ በታሚል ነው። ንግግሩን አስቀድሞ በታሚል ይለውና ከዚያ በእንግሊዝኛ ይነግረኛል። ታሪኩ የአንዲት ሸክላ ሠሪ ነው። የመንደሩ ባለርስት ጭቃ የምታወጣበትን መሬት ይመኝና፣ «የውሃ ጉድጓዴን መርዛ በሬዬን ገደለችብኝ» ብሎ ይከሳታል። ጠበቃ የላትም። ችሎት ፊት ቆማ «ውሃው ይምጣልኝ» ትላለች። ይመጣል። በጣሳ ቀድታ ትጠጣለች፤ ቀጥላም ለባለርስቱ ትዘረጋለታለች። እሱ ከሸክላ ሠሪ እጅ አልቀበልም ብሎ ፊቱን ያዞራል። ያኔ ዳኛው ከወንበሩ ወርዶ ጣሳውን ከእጇ ይቀበልና ይጠጣል። በነፃም ያሰናብታታል።

ይህን ወደ አማርኛ መለስሁትና ተማሪዎቼ በወላጆች በዓል ቀን ቴአትር አድርገው አሳዩት። ያን ሰሞን መሬት ሊለካ ነው እየተባለ ገበሬው ሆድ ብሶት ነበር። ዳኛ የሆነው ተማሪ ውሃውን ሲጠጣ ሴቶቹ እልል አሉ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «እንዲህ ያለ ዳኛ ለእኛስ መች ይመጣልን ይሆን!» ብሎ ጮኸ። ከፊት የተቀመጠው ሹም ብድግ ብሎ ወጣ።

ፖሊስ ጣቢያ የጠበቀኝ መርማሪ ከዚያ ቴአትር ሌላ ጉዳይ አልነበረውም።

«ባለርስቱ ማን ነው?» አለኝ።

«የህንድ ሰው ነው።»

«ህንድ አገርም ባለርስት አለ?»

«አለ፣ ጌታዬ።»

«እዚያስ ቢሆን ዳኛ ከወንበሩ ወርዶ ከሸክላ ሠሪ እጅ ይጠጣል?»

«ፊልሙ ላይ ጠጥቷል።»

«አይተኸዋል?»

«አላየሁትም።»

ብዕሩን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ እስር ቤቱ ወሰዱኝ።

ክፍሉ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው። ሰኔ ገብቶ ስለነበር ዝናቡ ሲወርድ መነጋገር አይቻልም፤ ሲያባራ ደግሞ ከበሩ ሥር የገባው ውሃ የተነጠፈውን ገለባ ያርሰዋል። እርጥብ ጋቢ፣ ሽንትና የተቀቀለ ድንች ይሸታል። እስረኞቹ አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው። እንደገባሁ አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ሰጡኝ። ከጥርባ በኩል የመጡ አገው ናቸው፤ አማርኛቸው ከሰላምታ አያልፍም። አጠገባቸው የተቀመጠው፣ ግምጃ ቤት ከሚባለው አገር የመጣ ፈረስ ነጋዴ ሁለቱንም ቋንቋ ስለሚችል ያስተረጉምልን ጀመር።

«በምን ታሰርህ?» አሉኝ ሽማግሌው።

ፊልሙን ከነቴአትሩ ነገርኋቸው። ፈረስ ነጋዴው እየተቀበለ በአገውኛ ያወርደዋል። ዳኛው ውሃውን ሲጠጣ እዚያ ክፍል ውስጥ እልል ያለ የለም። ሽማግሌው ግን ጠየቁኝ።

«ሴትዮዋ የተናገረችው በገዛ አፏ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«በእናቷ ቋንቋ?»

«በእናቷ ቋንቋ።»

«ዳኛውስ ሰማት?»

«ሰማት። የእሱም ቋንቋ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያ ውሃውን ባይጠጣላትስ ምን ይጎድልባት ነበር?» አሉ።

ነገራቸው የገባኝ ፈረስ ነጋዴው የሳቸውን ክስ ሲያጫውተኝ ነው። መሬት ለኪዎቹ ማሳቸው ላይ ገመድ ሲዘረጉ ሽማግሌው በአገውኛ፣ «ከዚህ የምነሣው ስቀበር ነው» አሉ። ከለኪዎቹ ጋር የመጣው አስተርጓሚ፣ «ሳልቀብራችሁ አልነሣም ይላል» ብሎ ተረጎመ። ሆን ብሎ ይሁን ተሳስቶ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሽማግሌው በመንግሥት ሠራተኛ ላይ በግድያ ዝተዋል ተብለው ተከሰሱ። ችሎት ላይም የሚያስተረጉምላቸው ያው ሰው ነው።

«ሴትዮዋ በገዛ አፏ ከተናገረች እኔስ?» አሉ ሽማግሌው። «በእነሱ ቋንቋ አንዲት ቃል አስይዘኝ።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጠኋቸው፦ «ስቀበር ነው ያልሁት እንጂ ልቅበራችሁ አላልሁም።» ያን ቀን ሲደጋግሙት ዋሉ። «እንጂ»ን ሲዘሏት እስረኛው ሁሉ «እንጂ! እንጂ!» ይላል። እሳቸውም እየሳቁ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

በቀጠሯቸው ዕለት እኔም ለምርመራ ስለተፈለግሁ በአንድ ካቴና አሰሩን። በገበያው መካከል ስናልፍ ፈረስ የተቀመጡ ሰዎች እሳቸውን ሲያዩ እየወረዱ ልጓም ይዘው ቆሙ። ሽማግሌው እርምጃቸውን አልለወጡም። ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀስ ነበር።

ችሎቱ ላይ ክሱ ተነበበ። ዳኛው መልሳቸውን ጠየቀ። አስተርጓሚው አፉን ሳይከፍት ሽማግሌው ነጻ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ስቀበር ነው ያልሁት እንጂ ልቅበራችሁ አላልሁም» አሉ። አንዲት ፊደል አልሳቱም።

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ።

«አማርኛ ትችላለህ ማለት ነው?»

ሽማግሌው አልገባቸውምና ወደ እኔ ዞሩ። አፌን ስከፍት ፖሊሱ ካቴናውን ጎተተው።

«አማርኛ እየቻለ አስተርጓሚ አስቁሞ ፍርድ ቤቱን ሲያታልል ኖሯል» አለ ዳኛው ወደ ጸሐፊው ዞሮ። «ይመዝገብ።»

በዛቻውም፣ በማታለሉም ተፈረደባቸው። የመጨረሻ ቃል ካላቸው እንዲናገሩ በአስተርጓሚው በኩል ተጠየቁ። ሽማግሌው ከአስተርጓሚው አንድ እርምጃ ራቁ። ፊታቸውን ወደ ዳኛው አድርገው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ በአገውኛ ረጅም ንግግር ተናገሩ። ከኋላችን የነበሩት ገበሬዎች አንድ በአንድ ተነሥተው ቆሙ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ያወረዱም ነበሩ።

«ምን አለ?» አለ ዳኛው።

አስተርጓሚው ወለሉን ያያል። «የአባቶቻቸውን ስም እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ፣ ጌታዬ። መሬቱን ማን ለማን እንዳወረሰ ተናገሩ። ሌላ ነገር አላሉም።»

እስከዚያ ሰዓት ድረስ «ይላል» እንጂ «አሉ» ብሎ አያውቅም ነበር።

ሽማግሌው ለችሎቱ እጅ ነሡና ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ፖሊሱ ሳይጎትታቸው እኔን አስከትለው ወጡ። እስር ቤት ስንደርስ ዳኛው ምን እንዳለ በፈረስ ነጋዴው በኩል ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። «እንግዲያ አማርኛ ማወቄን ዳኛው መሰከረልኝ» አሉ ሽማግሌው። የሳቀ ሰው አልነበረም።

እኔ ለፍርድ ሳልቀርብ ተለቀቅሁና ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወርሁ። የህንዱ መምህር ውሉ ሳይታደስለት ወደ አገሩ ገባ። ሽማግሌውን ወደ ትልቁ ወህኒ ቤት ወሰዷቸው። ከዓመታት በኋላ ጥሊሊ ገበያ ላይ ፈረስ ነጋዴውን አገኘሁትና ፍርዳቸውን ሳይጨርሱ ማረፋቸውን ነገረኝ። የተቀበሩትም እዚያው ወህኒ ቤቱ ነው።

ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። በቅርቡ ለዘመድ ጉዳይ እንጅባራ ፍርድ ቤት ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ አንዲት ሴት ከዳኛው ጋር በአገውኛ ስትሟገት ሰማሁ። እሱም በአገውኛ ይመልስላታል። ብዙውን አልያዝሁትም። በመጨረሻ እየተቆጣች፣ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች።

«ተረታች» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው።

ብትረታም በምን እንደተረታች ታውቃለች። ቀናሁባት፤ ለራሴ አልነበረም።