አምባዛውን ማን አየው?

እስቲ የተማምን እጅ ተመልከቱ። ፊቱን ተዉት፤ ፊቱ ሁልጊዜ ይስቃል። ጣቶቹ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በረዶ ውስጥ ሲገቡና ሲወጡ መገጣጠሚያቸው ላይ ተሰነጣጥቀዋል። ስደተኛው ከሚበዛባቸው ከሴዳር ሪቨርሳይድ ፎቆች ብዙም ሳይርቅ ያለው የግብፆቹ ዓሣ ቤት ውስጥ በሩ አጠገብ የተንጣለለው በረዶ የእሱ ነበር። ንብረትነቱ የሐጂ ነው፤ ግብፃዊውን ባለቤት ሠራተኛው ሁሉ ሐጂ ይለዋል። እዚያ ቤት ሰው ዓሣውን ከበረዶው ላይ በዓይኑ ይመርጣል፣ ያስመዝናል፣ «ይጠበስልኝ» ወይም «በፉርሽካ ተለውሶ ፍም ላይ ይደረግልኝ» ብሎ ይቀመጣል። ፉርሽካ ሲባል የከብት መኖ ነው ብሎ ያልሳቀ ሐበሻ የለም፤ ቀምሶ ያልደገመም የለም። የዓሣውን የጆሮ ክዳን ገልጦ ቅላቱን የሚያሳየው፣ «ይሄን ተዉት፣ ያኛውን ውሰዱ» የሚለው ተማም ነበር።

ሻሂዳ እስክትመጣ ድረስ።

ሻሂዳ እዚያው ስደት አገር፣ ሆፕኪንስ ከተማ ያደገች የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ዓሣ የተማረችው ከስልኳ ነው ይላል ተማም። እሱ የወሎ ሐይቅ ልጅ ነው፤ ውሃው ዳር ተወልዶ ዓሣ ከመረብ እየፈታ ያደገ። ምን ዋጋ አለው? እሷ ከነጩ ጋር በእንግሊዝኛ፣ ከሐበሻው ጋር በአማርኛ፣ ከሐበሻው ልጆች ጋር በሁለቱም ትስቃለች። በወሩ ሰው ተማምን ፊት ለፊት እያየ «ልጅቷ የለችም እንዴ?» ማለት ጀመረ። ቅናቱን ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። ጓንቷ ከእሱ ጓንት አዲስ መሆኑን አየ። ሐጂ በዐረብኛ «ያ ሻሂዳ» ብሎ ሲጠራት ድምፁ እንደሚለሰልስ ሰማ። ይባስ ብሎ ሐጂ ቡርንስቪል ሁለተኛ ቤት ሊከፍት ነው፤ የዚያን በረዶ ኃላፊ ከሁለታችሁ አንዳችሁን አደርጋለሁ ብሏቸዋል። ተማም የሚኖረው ቡርንስቪል ነው። ከልጅቷ በፊት ቢሆን ነገሩ ያለቀ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ባየሽ መጡ። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚሠሩ፣ በማተባቸው የማይቀልዱ ክርስቲያን ናቸው። ልጃቸው ሶሊያና ስለተመረቀች ዘመዶቻቸውንም ሙስሊም የሥራ ጓደኞቻቸውንም ሰብስበው ነው የመጡት። ሥጋ ቢሆን ኖሮ የክርስቲያን፣ የእስላም ተብሎ ሁለት ገበታ ይሆናል። ዓሣን ግን በቢስሚላህም በስመ አብም የሚያርደው የለም፤ የኛ ሰው ያን ቤት የሚወደው ለዚህ ነው።

ባየሽ አምስት ዓመት ሙሉ ያለ ተማም ዓሣ መርጠው አያውቁም። ያን ቀን ግን ሶሊያና የሃይስኩል ጓደኛዋን ሻሂዳን አይታ ተጠመጠመችባት፤ እማዬን እሷ ትርዳት አለች። ባየሽም ዛሬስ በወጣቶቹ ልመራ ብለው ሳቁ። ተማም ፈቀቅ ብሎ ሎሚ መቁረጥ ጀመረ።

ሻሂዳ ትልልቅ ቅርፊታም ቆሮሶዎች አስመረጠቻቸው። ቀጥሎ ባየሽ ጥርስ ለሌላቸው አሮጊት እናታቸው አጥንት የማይገኝበት ዓሣ ጠየቁ። ልጅቷ በረዶው ጥግ ካለው ትሪ ተገፍፎ የተሰነጠቀ ነጭ ሥጋ አነሳች። አምባዛ ነው። ቆዳው ከተገፈፈ ማን ይለየዋል? ተማም ይለየዋል። እንደ ባየሽ ያሉ ኦርቶዶክሶች ቅርፊት የሌለው ዓሣ እንደማይበሉም ያውቃል፤ የሐይቅ ጎረቤቶቹ ከመረባቸው እያወጡ ሲወረውሩት አይቷል። ባየሽ አምስት ዓመት ሙሉ «ቅርፊት አለው ወይ?» ብለው ጠይቀው የማያውቁት እሱን አምነው ነው። ሻሂዳ ይሄን ከየት ትወቀው? ማን ነግሯት?

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ተማም ሎሚውን ቆረጠ።

ሌላ ሎሚ አነሳና እሱንም ቆረጠ። ባየሽ ሲቆጡ፣ ልጅቷ ስታፍር፣ ሐጂ ፊቱን ሲያዞርባት በሐሳቡ አየ። ደስ አለው። ምን ላድርግለት፣ ደስ አለው።

ምግቡ ወጣ። ባየሽ ነጩን ሥጋ ፈርከስ አድርገው ሎሚ አንጠባጠቡበትና ለእናታቸው ሊያጎርሱ እጃቸውን ዘረጉ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፈቱ። ይሄኔ ተማም ቢላዋውን ጥሎ ወደ ገበታቸው ሄደ።

«እትዬ ባየሽ፣ ይቆዩ። እሱ አምባዛ ነው።»

ጉርሻው አየር ላይ ቀረ። ሻሂዳ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ባየሽን ይቅርታ ጠየቀች። ማንም ሳይልካት ሐጂ ዘንድ ሄዳም ራሷ ነገረችው። ጋሼ ተማም ባያየው ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር አለችው። ባየሽ የተማምን የተሰነጣጠቀ እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ዓይንህን አያጥፋብን። ሁለተኛ ያላንተ አልመርጥም» አሉት።

ተማም «አሜን» አለ። መቼ እንዳየው የጠየቀው የለም።

በሳምንቱ ሐጂ ቡርንስቪልን ሰጠው። አሁንም ግን አንዱ ገብቶ «ያቺ ልጅ እዚህ አትሠራም?» ሲል ፈቀቅ ብሎ ሎሚ ይቆርጣል። በመቅናቱ አይደለም የምናደደው፤ ያልቀና ሰው ካለ ይምጣና ልየው። ያን ምርቃት ኪሱ ከትቶ ዝም ማለቱ ነው ደሜን የሚያፈላው። ልጅቷ ያልበላችውን ዕዳ ተሸክማ እዚያኛው ቤት ቆማለች።

እንግዲህ ቡርንስቪል ጎራ ካላችሁ ዓሣችሁን ምረጡ። እሱም እየሳቀ የጆሮ ክዳኑን ገልጦ ያሳያችኋል። ያኔ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ አንዲት ነገር ጠይቁልኝ፦ ያን ቅዳሜ አምባዛውን ያየኸው ሳህኑ ላይ ነው ወይስ በረዶው ላይ? እስኪመልስላችሁ ድረስ ዓሣውን አታስመዝኑ።